ማንዋል ወይስ ፓድል? ለሆት ሮድ ካምቢዮ ሲመረጥ

ከመሪው ጀርባ ያለው ፓድል ማርሽ አይቀይርም። ሥራው እንደ ቤት መብራት ማብሪያ ነው፤ ጣት ሲነካው «ቀይር» የሚል ምልክት ይልካል፣ በቃ። የሚቀይረው ከወለሉ ስር ያለው ካምቢዮ ነው። መቼና በምን ያህል የዘይት ግፊት ይቀየር የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ስር የተደበቀ የኮምፒዩተር ሳጥን ነው። ስለዚህ ለሆት ሮዱ፣ ማለትም ጉልበተኛ ሞተር ለገባበት አሮጌ መኪናው፣ «ማንዋል ይሻላል ወይስ ፓድል?» የሚል ሰው መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ፓድሉ የሚያዘው የትኛውን ካምቢዮ ነው? ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ሁሉም የሚያውቀውን መኪና ነው፤ የ1932 ፎርድ ሮድስተር ወይም የዛሬው የፋይበርግላስ ቅጂው፣ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ስሞል ብሎክ የተባለው የሼቭሮሌት ቪ8 ሞተር የተቀመጠበት፣ ካርቡራተር ያለው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ፎርድ በዚያ ዓመት ያወጣው ቪ8 ሞተር 221 ኪዩቢክ ኢንች ሆኖ ጉልበቱ 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች ፓራፋንጎውን እያወለቁ እንደ ሙሮክ ባሉ ደረቅ ሐይቆች ላይ የሮጡበት፣ ኤስሲቲኤ የተባለውን ማኅበራቸውንም በ1937 ያቋቋሙበት ዘመን ነው። ስሞል ብሎኩ በ1955 ሲመጣ የሞተሩ ጥያቄ ለብዙዎች ተዘጋ። የካምቢዮው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ ምክንያቱም ከፊትና ከኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት 2.69 ሜትር ብቻ፣ ክብደቱም 1,100 ኪሎ ግራም አካባቢ የሆነ መኪና ስህተትን አይሸሽግም።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። እኛ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ፎሌ፣ ኩሽኔታ የምንለው ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ጥሎልን የሄደው ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ዕቃ ስታዙ ክላች፣ ፍላይዊል፣ ኒውትራል፣ ቤሪንግ በሉ፤ ሻጩ ሌላውን አይሰማም።

ፓድል የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያሳስታል። ፌራሪ በ1989 በፎርሙላ 1 መኪናው ላይ ያዋለው፣ በ1997 ደግሞ በኤፍ355 ለመንገድ ያወጣው ፓድል ከስሩ የማንዋል ካምቢዮ ነበረው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው እግር ሳይሆን ሃይድሮሊክ ነው። ለሆት ሮድ በኪት የሚሸጠው ፓድል ግን በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፍ ቶርክ ኮንቨርተር ካለው አውቶማቲክ ጋር የሚሠራ ነው። ስሜቱም ጥንካሬውም ብልሽቱም የተለየ ነው። የፌራሪን ጥይት አቀያየር ጠብቆ የገዛ ሰው ቅር ይለዋል።

ከአውቶማቲኮቹ ውስጥ ፓድል በቀጥታ የሚቀበሉት በኤሌክትሪክ የሚታዘዙት ናቸው። ከጄኔራል ሞተርስ ቤት 4ኤል60ኢ እና 4ኤል80ኢ ለስሞል ብሎክ ቅርብ ናቸው። ቲኤች350፣ ቲኤች400 እና 700አር4 ማርሽ የሚቀይሩት በዘይት ግፊትና በጋቨርነር (የመኪናውን ፍጥነት ተከትሎ ግፊቱን በሚያስተካክል ክፍል) ስለሆነ ፓድል የሚያናግረው አካል የላቸውም። ሌቨሩን በሞተር ወይም በአየር የሚገፋ መሣሪያ ጨምሮ ማስገደድ ይቻላል፤ ለድራግ ሩጫ ይሠራበታል፣ ለመንገድ መኪና ግን አልመክርም። ቲኤች350 ያለው ሰው ወይ በሌቨሩ ይርካ፣ ወይ ካምቢዮውን ይቀይር።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 28 ኢንች ቁመት ያለው የኋላ ጎማና 3.73 ዲፈረንሻል ይዘን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስንሄድ፣ አንድ ለአንድ በሆነ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,780 ይዞራል። ቲኤች350 መጨረሻው ይኸው ስለሆነ ረጅም መንገድ ላይ ጆሮ ይደነቁራል። የ4ኤል60ኢ አራተኛ 0.70 በመሆኑ ወደ 1,945 ይወርዳል። ትሬሜክ ቲኬኤክስ የተባለው ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል 0.68 አምስተኛ ካለው 1,890 ይሆናል። 0.50 ስድስተኛ ያለው ቲ56 ማግነም ደግሞ ወደ 1,390 ያወርደዋል፤ ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለው ካርቡራተር ሞተር እዚያ ላይ ይንገራገጫል እንጂ አይጎትትም። ስድስተኛ ማርሽ ስላለ ብቻ ይበልጣል ማለት አይደለም።

ከመጨረሻው ማርሽ ይልቅ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲገባ ነው። 4ኤል60ኢ ከ3.06 ወደ 1.63 ይዘላል። በ5,500 ዙር ፓድሉን ብትነኩ ሞተሩ ወደ 2,930 ይወድቃል። ቲኬኤክስ ከ2.87 ወደ 1.89 ስለሚሄድ የሚወድቀው ወደ 3,620 ነው። ካምሻፍቱ ከ3,500 በላይ የሚነቃ ዓይነት ከሆነ፣ በአውቶማቲኩ ሁለተኛ ማርሽ በገባ ቁጥር መኪናው ለአፍታ ያንቀላፋል። ቶርክ ኮንቨርተሩ ዙሩን ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍነዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ፓድል የምትፈልጉት ለመንዳት ደስታ ከሆነ ካምሻፍቱን ለስላሳ አድርጉት፤ ካምሻፍቱ አይነካም ካላችሁ ማንዋል ያዙ።

ማንዋሉን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን እግር ነው። የ1932ቱ ሻንሲ ወደ ፊት እየጠበበ ስለሚሄድ ከመሪው ዘንግ ግራ ያለው ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። ዕቃ ከማዘዝ በፊት በካርቶን ሦስት ፔዳል ቆርጣችሁ ወለሉ ላይ አቁሙ፣ ለመንዳት የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ተቀመጡና የግራ እግራችሁ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጦ የመሪውን ዘንግ ሳይነካ ይመለስ እንደሆነ እዩ። ከፍሪሲዮኑ ግራ ደግሞ እግር የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልጋል። ያ ከሌለ አሽከርካሪው ሳያውቀው ፔዳሉ ላይ እግሩን ጥሎ ይነዳል፤ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ ኩሽኔታውም ያልቃል። ካርቶኑ «አይሆንም» ካለ ክርክሩ አብቅቷል፤ ፓድሉን በጸጋ ተቀበሉት።

ማንዋል ከተመረጠ ለስሞል ብሎክ ሦስት የተለመዱ ምርጫዎች አሉ። ቲ5 ወደ 34 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀላል፣ ከወለሉ ስርም በቀላሉ የሚገባ ካምቢዮ ነው። ግን ጠንካራ የሚባለው ወርልድ ክላስ ዓይነቱ እንኳ የሚችለው 300 ፓውንድ ፉት ቶርክ ነው። 380 የሚሰጥ 350 ሞተርና የሚይዝ ጎማ ሲገናኙ የሦስተኛ ማርሽ ጥርስ ይረግፋል። ዘይቱ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ወርልድ ክላስ የሚጠጣው የአውቶማቲክ ዘይት ዴክስሮን ነው። «ማንዋል ስለሆነ» ተብሎ ወፍራም የማርሽ ዘይት ሲሞላበት ማርሾቹን በእኩል ፍጥነት የሚያገናኙት የሲንክሮናይዘሮቹ ቀለበቶች አይይዙም፤ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ አልገባ ይላል። ቲኬኤክስ 600 ፓውንድ ፉት ይችላል፤ ለዚህ መኪና የኔ ምርጫ እሱ ነው። ቲ56 ማግነም 700 ይችላል፣ ነገር ግን ግዙፍ ስለሆነ የወለሉን መሃል አንስቶ የሻንሲውን ኤክስ ቅርጽ ድጋፍ መቁረጥና እንደገና መበየድ ሊጠይቅ ይችላል። የኋላ ማርሹን የሚቆልፈው ሶሌኖይድም (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማግኔት) ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦው ካልተያያዘ ሌቨሩን ወደ ኋላ ማርሽ ለማስገባት በሙሉ ክንድ መግፋት ነው።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚዘለው ሥራ እንምጣ። ቤል ሃውሲንጉ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቤት፣ መሃሉ ከክራንክ ሻፍቱ መሃል ጋር መግጠም አለበት። አዲስ ዕቃ ነው ብሎ ማመን አይበቃም። ቮላኖው ከታሰረ በኋላ፣ ፍሪሲዮኑ ሳይገባ፣ የዳያል ጌጁን (በመርፌ የሚያነብ መለኪያ) ማግኔት ቮላኖው ላይ አስቀምጡ። ቤል ሃውሲንጉን ብቻውን በብሎኖቹ ሁሉ አጥብቃችሁ እሰሩት። የጌጁ ጫፍ የካምቢዮው አንገት የሚገባበትን ክብ ቀዳዳ የውስጥ ግድግዳ ይንካ። ካንዴላዎቹን አውልቃችሁ ሞተሩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና መርፌው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ስንት እንደተጓዘ አንብቡ። 0.005 ኢንች (0.13 ሚሊ ሜትር) ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው። 0.014 ኢንች ካነበባችሁ ቤቱ የተዛነፈው በግማሹ ማለትም በ0.007 ነው፤ ብሎኩ ላይ ያሉትን ሁለት መምሪያ ፒኖች አውጥታችሁ 0.007 ኢንች ኤክሰንትሪክ በሆኑ፣ ማለትም ያን ያህል ከመሃላቸው በወጡ፣ ፒኖች ትተካላችሁ፣ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ታዞሯቸዋላችሁ፣ እንደገና ትለካላችሁ። አሰልቺ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበላል። ያልተለካ ቤት ግን ማርሽ አስቸጋሪ ያደርጋል፣ የፊት ኩሽኔታውን ያስጮኻል፣ በክራንኩ ጫፍ ያለውን ቡሽ ይበላል፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ በካምቢዮው ይላከካል።

ያንን ቡሽ በማግኔት ሞክሩት። ንጹሕ ነሐስ በማግኔት አይሳብም፤ ከተሳበ ብረት አለበት፣ የካምቢዮውን ግንድ ጫፍ ይፍቃል። ከቮላኖው ጋር በተያያዘ ደግሞ የሞተሩን ዘመን እወቁ። እስከ 1985 የነበረው 350 የኋላ ፓራኦሊዮው ሁለት ቁራጭ ነው፣ ከ1986 ወዲህ አንድ ወጥ ሆነ። የቮላኖው ብሎኖች አቀማመጥም ሚዛኑም ተለውጧል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። 153 ጥርስና 168 ጥርስ ያላቸው ቮላኖዎች የሚወስዱት ሞተሪኖም የተለያየ ነው። የሞተሪኖው ሁለት ብሎኖች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ከተሰለፉ 153፣ አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ከሸሸ 168 ነው።

ቦታ ስለሌለ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ብዙ ጊዜ በካምቢዮው አንገት ላይ የሚቀመጠው ሃይድሮሊክ ኩሽኔታ ይሆናል። በእሱና በፍሪሲዮኑ ጣቶች መሃል ያለው ክፍተት እንደ አምራቹ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ0.150 እስከ 0.200 ኢንች (ከ3.8 እስከ 5 ሚሊ ሜትር) ነው። ከጠበበ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ እየሳሳ ሲሄድ ጣቶቹ ወደ ኋላ ስለሚመጡ ኩሽኔታው መሸሻ ያጣና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ከሰፋ ደግሞ ፒስተኑ ከጎማ ቀለበቱ ወጥቶ ፈሳሹን ሁሉ ወለል ላይ ያፈሰዋል። ፔዳሉ ከሚገባው በላይ እንዳይወርድ የሚያቆም ብሎን አድርጉለት። የአየር ማውጫ ቱቦውንም ካምቢዮው ሳይሰቀል በፊት ወደ ውጭ አውጡት። ይህችን የረሳ ካምቢዮውን ደግሞ ያወርዳታል።

ፓድል ከተመረጠ ሥራው ከቁልፍ ወደ ሽቦ ይዞራል። ያም ሆኖ ቶርክ ኮንቨርተሩ ላይ አንድ የእጅ ሥራ አለ። ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ላይ ሲገባ እየተሽከረከረ ሁለት ሦስት ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ጠቅታ ፓምፑን ሲይዝ ነው። ካምቢዮው ከብሎኩ ጋር በእጅ ተገፍቶ ሙሉ በሙሉ መግጠም አለበት። ከታሰረ በኋላ ኮንቨርተሩ በጣት የሚሽከረከር፣ በቮላኖ ፈንታ ከክራንኩ ጋር ከሚታሰረው ስስ ሳህን፣ ከፍሌክስ ፕሌቱ ጋርም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው መሆን አለበት። ክፍተቱ ከሌለ አልገባም ማለት ነው። ብሎን እያጠበቁ ካምቢዮውን መሳብ ፓምፑን ይሰብራል፤ ሞተሩ ሲነሳ የመጀመሪያው ድምፅ የስብርባሪ ይሆናል።

ቀጥሎ ለሳጥኑ የሚሰጠው መረጃ ነው። በ700አር4 ዘመን ከካርቡራተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ገመድ ነበር፤ እግር ምን ያህል እንደተረገጠ የሚነግረው እሱ ነው። ገመዱ ከላላ ግፊቱ ያንሳል፣ የሦስተኛና አራተኛ ማርሽ የክላች ሸራዎቹም በጥቂት ኪሎ ሜትር ይቃጠላሉ። በ4ኤል60ኢ ገመዱ ቀረ፣ በምትኩ የቤንዚን መርገጫውን አቋም የሚያነብ ሴንሰር ከካርቡራተሩ ጎን ይታሰራል። ኃጢአቱ ግን ያው ነው፣ በሽቦ መጣ እንጂ። መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ ሳጥኑ 70 በመቶ ብቻ ካነበበ፣ ያው አነስተኛ ግፊት፣ ያው የተቃጠለ ሸራ። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ዜሮና መቶው በስክሪን ላይ ይታይ። የካርቡራተሩ ጉልበተኛ ስፕሪንግ ሴንሰሩን ከቦታው እንዳያንቀሳቅሰውም ማሰሪያው ጠንካራ ይሁን።

ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የሳጥኑን አሉታዊ ሽቦ አካሉ ላይ በሾለ ብሎን ያሰረ ሰው ፓድሉ አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ሆኖ ያገኘዋል። ሽቦው በቀጥታ ወደ ባትሪው ወይም ወደ ሞተሩ ብሎክ ይሂድ። የካንዴላ ገመዶቹ ሬዚስተር ያላቸው ይሁኑ። ውስጣቸው ድፍን መዳብ የሆኑት በሚረጩት ረብሻ የፍጥነት ሴንሰሩን ምልክት ስለሚያበላሹ ካምቢዮው መሃል መንገድ ላይ በራሱ ፈቃድ ማርሽ ይቀያይራል። የሴንሰሩን ሁለት ሽቦዎችም አንዱን በአንዱ ላይ ጠምዝዟቸው።

ኤሌክትሪኩ ጭራሽ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? 4ኤል60ኢ ሁለቱ የማርሽ ሶሌኖይዶች ሲጠፉ ሦስተኛ ላይ ይቀመጣል፣ ግፊቱም ወደ ከፍተኛው ይወጣል። 4ኤል80ኢ ሁለተኛ ላይ ይቀራል። ቤት ያደርሳችኋል ማለት ነው፤ ከቆመበት መነሳቱ ግን ከባድ ነው። መኪናው ድንገት ሦስተኛ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ካምቢዮውን ከማውረድ በፊት ፊውዙን እዩ።

ሻጮች የማይናገሩት አንድ ባሕርይ ደግሞ አለ። በ4ኤል60ኢ ሌቨሩ የመጨረሻው የኦቨርድራይቭ ቦታ ላይ እያለ የግራውን ፓድል ነክታችሁ ሁለተኛ ብታስገቡ፣ እግራችሁን ከቤንዚኑ ባነሳችሁ ቅጽበት ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ይወርዳል፣ መኪናው ግን ፎሌ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። ምክንያቱ ውስጥ ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ክላች ወደ ፊት ብቻ ስለሚይዝ፣ ወደ ኋላ የሚይዘው ተጨማሪ ክላች ደግሞ በዚያ የሌቨር ቦታ ዘይት ስለማይደርሰው ነው። ቁልቁለት ላይ በሞተር ልያዝ ያለ ሰው ሌቨሩን አንድ ቦታ ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ያኔ ሞተሩ ይይዛል፣ አራተኛ ማርሽ ግን ይዘጋል። ማንዋል ላይ ይህ ጣጣ የለም። የመኪናው ፍሬን አሮጌ የከበሮ ዓይነት ከሆነ ይህች ነጥብ ብቻዋን ምርጫውን ልትወስን ይገባል።

ሙቀት የአውቶማቲክ ጠላት ነው። ዘይቱ ከ75 እስከ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢቆይ ደስ ይለዋል፤ ከ120 በላይ ሲሰነብት ይጠቁራል፣ ይሸታል። የ1932ቱ የፊት ፍርግርግ ጠባብ ስለሆነ ማቀዝቀዣውን ከራዲያተሩ ፊት ማንጠልጠል የሞተሩን አየር መንጠቅ ነው። ከወለሉ ስር፣ የራሱ ትንሽ ማራገቢያ ያለው ቢሆን ይሻላል፤ የሙቀት ሴንሰሩም ከካምቢዮው በሚወጣው ትኩስ መስመር ላይ ይግባ።

ፓድሎቹ ራሳቸው ከመሪው ጋር የሚዞሩም፣ ዘንጉ ላይ ቆመው የሚቀሩም አሉ። የሚዞሩት በሰፊ ኩርባ ግራና ቀኛቸው ይገለባበጣል፤ ሽቦ ካላቸው ደግሞ ጥምዝምዙ ገመድ ከጊዜ በኋላ ውስጡ ይበጠሳል። ለመንገድ መኪና ቆሞ የሚቀረውን እመርጣለሁ። ከነካችሁት በኋላ ማርሹ እስኪገባ ትንሽ መዘግየት ስላለ፣ 5,500 ላይ እንዲቀየር የፈለጋችሁትን 5,200 ላይ ንኩት፤ በተለይ አንደኛ ላይ፣ ሞተሩ ቶሎ ስለሚወጣ።

እንግዲህ የካርቶን ፔዳሎቹ ቦታ ካገኙ እኔ ለዚህ መኪና ቲኬኤክስና ተራ ኦርጋኒክ ዲስክ ያለው 11 ኢንች ፍሪሲዮን እላለሁ። ጉልበት ያማረው ሰው የሩጫ ፍሪሲዮን ገዝቶ በየመብራቱ የግራ ጉልበቱን ያመዋል። ጉልበቱ የሚያመው፣ ወይም በሎስ አንጀለስ ትራፊክ ውስጥ በየቀኑ የሚነዳው ሰው 4ኤል60ኢን ከነፓድሉ ቢወስድ አልከራከረውም፤ ኮንቨርተሩ ከ2,000 እስከ 2,400 ዙር ባለው መሃል የሚይዝ፣ የሁለተኛና አራተኛ ማርሹ ሰርቮ (በዘይት ግፊት ማርሹን የሚያስይዝ ፒስተን) በኮርቬቱ ትልቅ ሰርቮ የተተካ ይሁን። አሁን ካለው ቲኤች350 የሚመጣ ሰው ደግሞ 4ኤል60ኢ ወደ 3 ኢንች ያህል እንደሚረዝም አይርሳ። የካምቢዮው ማረፊያ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግም ያጥራል። ዘንጉን ከማስቆረጥ በፊት መኪናው በጎማው ቆሞ ይለካ፤ ወደ ካምቢዮው የሚገባው ጫፍ እስከ መጨረሻው ገብቶ 1 ኢንች ወደ ውጭ ሲሳብ ያለው ርዝመት ነው የሚያዘው። ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ የተለካ ዘንግ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የካምቢዮውን የኋላ ቡሽ ይገፋዋል።